ከእኔ የሚከብደውን ሰው መጣል ሲያቅተኝ ያገኘሁት መላ

ሪንገን የሚባለውን የመካከለኛው ዘመን የጀርመን ትግል ስለማመድ አንድ ነገር ክፉኛ አስቸግሮኝ ነበር። የልምምድ ጓደኛዬ ከእኔ በጣም ይከብዳል። ክንዱን ይዤ በዳሌዬ ልጥለው ስጠጋ ንቅንቅ አይልም። አንዳንዴ ጭራሽ ከኋላ ጠፍሮ ብድግ ያደርገኛል።

መላውን ያገኘሁት ከኦት ትምህርት ነው። ኦት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥር የነበረ አይሁዳዊ የትግል መምህር ነው። ትምህርቱ እ.ኤ.አ. በ1452 በተጻፈ የእጅ ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ደካማውን ቅደመው፣ እኩያህን እኩል ግጠመው፣ ብርቱውን ግን እስኪጀምር ጠብቀው። ከደካማው ጋር ፍጥነት፣ ከእኩያህ ጋር ሚዛን፣ ከብርቱው ጋር ከጉልበቱ ጀርባ ያለውን የእግሩን እጥፋት ተመልከት።

ለእኔ ቁልፉ ይቺ የመጨረሻዋ ነች። አሁን እኔ አልጀምርም። ሲገፋኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እለቅለታለሁ። ግራ እግሩን ወደ ፊት ሲያነሳ ዝቅ እላለሁ፤ መሬት ከመርገጡ በፊት በቀኝ እጄ ከጉልበቱ ጀርባ እይዝና ወደ ላይ እስባለሁ። በዚያው ቅጽበት ግራ እጄ ደረቱን ይገፋል። በቃ፣ በጀርባው ይወድቃል። ሰዓቱ ግን ወሳኝ ነው። ክብደቱ እግሩ ላይ ካረፈ በኋላ መሳብ ሥር የሰደደ ዋርካ እንደ መንቀል ነው።

ስትሞክሩት ምንጣፍ ላይ፣ በዝግታ ጀምሩ። ጉልበቱን በፍጹም ወደ ጎን አትግፉ፤ ጅማት ይጎዳል። ዳሌውን ወደ ኋላ አርቆ የሚቆም ሰው ላይ እጄ ስለማይደርስ፣ እሱን መጀመሪያ አንገቱን ይዤ ቀና እንዲል አደርገዋለሁ።