ቤት ውስጥ የምትነዱትን ሳይክል ላብ እንዳይበላው እንዴት መያዝ ይቻላል

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር ሳይክላችሁን ትሬነር (ባለበት ቆሞ የሚያስነዳ ማቆሚያ) ላይ አስራችሁ ቤት ውስጥ ምትሰሩ ሰዎች፣ አቧራ የለ ጭቃ የለ ብላችሁ ሳይክሉን እንዳትረሱት፣ ላብ ከጭቃ ይብሳል። ውጪ ስንነዳ ንፋሱ ያደርቀዋል፣ ቤት ውስጥ ግን ጠብ ጠብ እያለ ቀጥታ መሪውና ፍሬሙ ላይ ነው ሚወርደው፣ ጨው ስላለው ደግሞ ብረት ይበላል። እኔ አንዱን ክረምት ሙሉ ሳልነካው ነድቼ መስከረም ላይ የመሪውን ቴፕ ስፈታ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት አውጥቶ ተቦርቡሮ አገኘሁት፣ እንደዛ የተበላ መሪ ቁልቁለት ላይ ሊሰበር ስለሚችል አውጥቼ ጣልኩት።

ከመጀመራችሁ በፊት ቬንትሌተር ፊት ለፊት አድርጉ፣ ከመሪው እስከ ኮርቻው ድረስ ፎጣ ዘርጉበት።

ስትጨርሱ ላቡ ሳይደርቅ ጨርቅ በንጹህ ውሃ ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ ጥረጉት፣ ከዛ በደረቅ ጨርቅ ድገሙት። ሰው ሚረሳው የመሪውን አንገት፣ የፍሬን መያዣውን ስርና የብሎኖቹን ጭንቅላት ነው፣ የብሎን ቀዳዳ ውስጥ ላብ ይጠራቀምና ይዝጋል፣ በኋላ ቁልፍ ስታስገቡበት ይላላጣል። በጎማ ውሃ ግን አትልቀቁበት፣ ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ግሪሱን ያጥበዋል።

ካቴናው ቤት ውስጥ ብዙ አይቆሽሽም ግን ይደርቃል። ሲንጫጫ ከሰማችሁ በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ፣ ፔዳሉን ወደኋላ እያዞራችሁ በየመገጣጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ የካቴና ዘይት አድርጉ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ላዩ ላይ የተረፈውን ጥረጉ። ደብሊውዲ 40 ማጽጃ እንጂ የካቴና ዘይት አይደለም፣ ቶሎ ይደርቃል። ካቴናው ማለቁን ለማወቅ ማስመሪያ ይበቃል፣ ካቴና ከፒን እስከ ፒን ግማሽ ኢንች ስለሆነ 24 ክፍል ስትቆጥሩ 12 ኢንች ማለትም 30.48 ሳንቲ ሜትር መምጣት አለበት፣ 30.6 ካለፈ ቀይሩት፣ ካልቀየራችሁት የሚዞርበትን ጥርስም ይበላባችኋል፣ እሱ ደግሞ ከካቴናው በጣም ይወደዳል።

ትሬነራችሁ የኋላ ጎማ ላይ ሚደገፍ ከሆነ ሁሌ እኩል ንፉት፣ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ግፊት ሳታልፉ። ነፋስ ሲያንሰው ሮለሩ (ጎማው የሚደገፍበት የትሬነሩ ተሽከርካሪ) ላይ ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ወለሉን ጥቁር ዱቄት ያደርገዋል። ያረጀ ጎማ ለዚህ መድቡ፣ የመንገዱን ጎማ መሀሉን ዝርግ አድርጎ ይጨርስባችኋል። የኋላ ጎማውንም ከትሬነሩ ጋር በመጣው፣ በጎማው መሀል በሚያልፈው የብረት ማሰሪያ እሰሩት። ፍሬማችሁ ካርቦን ከሆነ ግን ትሬነር ላይ ከማሰራችሁ በፊት አምራቹ መፍቀዱን አረጋግጡ።

በወር አንዴ ዋናውን ስራ ስሩ። የመሪውን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታ አድርጋችሁ ጥርሳቸውን ግሪስ ቅቡ፣ መልሳችሁ ስታጠብቁ አጠገባቸው ከተጻፈው የኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል) ልክ አትለፉ። የኮርቻውን ዘንግ አውጥታችሁ ጠርጋችሁ ግሪስ ቅቡት፣ አለበለዚያ ፍሬሙ ውስጥ ይነክስና አይወጣም (ካርቦን ከሆነ ግሪስ ሳይሆን የካርቦን ፔስት፣ ማለትም ለካርቦን የተሰራ ቅባት ነው ሚቀባው)። መሪውን ቀስ ብላችሁ ግራ ቀኝ አዙሩት፣ ከሻከረ ወይ ቀጥ ሲል ቀጭ ብሎ ከያዘ ላቡ ኩሽኔታው ደርሷል ማለት ነው፣ ተፈቶ ይጸዳ። ቴፑን ቢያንስ ክረምቱ ሲያልቅ ፍቱትና እዩ።

መስከረም ላይ ልትወጡ ስትሉ የመንገዱን ጎማ መልሱ፣ የሁለቱንም ጎማ ማሰሪያ አጥብቁ፣ ፍሬኑን ግቢ ውስጥ ቀስ እያላችሁ ሞክሩት፣ ሶስት ወር ሙሉ አልተነካም።