ትንሽ የቱርቦ ሞተር ላይ ጉልበት ስትጨምሩ የምትሳሳቱት

ባለፈው ሳምንት ገላን ያለው ጋራዣችን ውስጥ የአንድ 1.4 ሊትር ቱርቦ ሞተር ቴስታታ፣ ማለትም የላይ ክዳኑን፣ አነሳን። ሦስተኛው ፒስቶን ጠርዙ ቀልጧል፣ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ተሰባብሯል። ባለቤቱ መኪናውን የሚወድ ልጅ ነው። ከውጭ የመጣ የጉልበት መጨመሪያ ፋይል የሞተሩ ኮምፒውተር ላይ አስጭኖ፣ «1.2 ባር የቱርቦ ግፊት ይሰጣል ብለውኝ ነበር፤ ጌጁ ግን 1.4 ያነባል» አለኝ፣ ደስ ብሎት። ዘንድሮ እንዲህ ሆኖ የመጣ ሦስተኛው ሞተር ነው።

ያ ትርፍ 0.2 ስጦታ አይደለም። ፋይሉ የተሠራው ለባሕር ጠረፍ አየር ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት 1 ባር ያህል ነው፤ እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆንን 0.77 አካባቢ ነው ያለን። ኮምፒውተሩ የታዘዘው ጠቅላላ ግፊቱን 2.2 ባር (የጠረፉን አየር 1 እና የቱርቦውን 1.2) እንዲያደርስ ነው። ጠረፍ ላይ ቱርቦው፣ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ማለት ነው፣ አየሩን 2.2 እጥፍ ቢያምቅ ይበቃዋል። እዚህ እዚያው ለመድረስ 2.9 እጥፍ ገደማ ማመቅ አለበት። እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ትንሽ ቱርቦ በደቂቃ ከ200,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ከዚያ አልፎ ሲገፋ አየሩን እያጋለ ይልከዋል፣ በጋለ አየር ነዳጁ ያለ አግባብ እየፈነዳ ሞተሩን ያንኳኳል፣ ማንኳኳቱ ፒስቶን ይበላል። ከቱርቦው የወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለርም በሳሳ አየር ደህና አይሠራም።

እኔም አድርጌዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የአማቼን ልጅ መኪና እንዲሁ አቃጥዬ ሞተሩን ከኪሴ ገዝቻለሁ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያላችሁን መኪና እንደ ዓይናችሁ ብሌን መያዝ አለባችሁ።

ቡስት (የቱርቦውን ግፊት) ጨምሮ ነዳጁን መርሳት ሌላው ስህተት ነው። የነዳጁ ፓምፕና ኖዝል ካልደረሱ ድብልቁ ይሳሳል፣ ማለትም ነዳጁ ለአየሩ ያንሳል፤ ቤንዚን ሞተር በሙሉ ጭነት ላምዳው (የአየርና የነዳጅ ምጣኔው፤ ከ1 ሲያንስ ነዳጁ በዝቷል) 0.8 አካባቢ መሆን አለበት። ሳይለኩ መገመት የለም።

የካንዴላ ክፍተት አጥብቡ፤ ቡስት ሲበዛ ብልጭታው ይጠፋል።

ሱሉልታን በአምስተኛ ማርሽ፣ በ1,500 ዙር፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ አትውጡ። ነዳጁን ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጩ ሞተሮች ላይ የዘይትና የነዳጅ ጠብታ ከካንዴላው ቀድሞ ይቀጣጠልና አንድ ጊዜ «ቋ!» ብሎ ቢዬላ (የፒስቶኑን ክንድ) ሊያጣምም ይችላል። ማርሽ ቀንሱ። ዘይቱም ኤፒአይ ኤስፒ (API SP) የሚል ደረጃ የተጻፈበት ይሁን። ዳገት ወጥታችሁ ስትቆሙ ለአንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ተዉት፤ ያለዚያ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ያርራል።

ሳጥኑን አውልቃችሁ ክፍት የአየር ፊልትሮ የምትገጥሙ ልጆች ደግሞ እባካችሁ ተዉ። ኮፈኑ ሥር ያለው አየር የጋለ ነው፤ የእኛ ሰፈር አቧራም የቱርቦውን ምላጭ እንደ ሞረድ ይበላዋል።

«የመጀመሪያው ቶዮታ ጂአር ያሪስ በ1.6 ሊትር፣ በ3 ሲሊንደር 261 ፈረስ ጉልበት ያወጣል አይደል?» ትሉኛላችሁ። ያወጣል። ሞተሩ ግን ከመጀመሪያው ለዚያ ተብሎ ነው የተሠራው፤ ፒስቶኑን ከሥር የሚያቀዘቅዝ የዘይት መርጫ አለው።

የልጁን ሞተር በዚህ ሳምንት እንገጥመዋለን። ቡስቱን እዚህ አየር ላይ በጌጅ 0.8 እናደርግለትና ስካነር ሰክተን፣ የሚገባውን አየር ሙቀት እያየን አብረን እንጦጦን እንወጣለን።