ሲመቱት የሚበራ ባትሪ፦ ችግሩና መፍትሄው

ደንበኛው ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ ባትሪውን ከኮቱ ኪስ ያወጣና መዳፉ ላይ ጠፍ ጠፍ ያደርገዋል። ይበራል። «አየኸው? ደህና ነው እኮ፤ ግን ይጠፋል» ይለኛል። ደብረ ማርቆስ ላይ ሬዲዮና የእጅ ባትሪ ስጠግን ከሚመጣልኝ ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው፤ ስለዚህ ብዙውን ቦታ የምሰጠው ለእሱ ነው። ድንጋይ ገልብጦ ማስገባትን ወይም ያለቀ ድንጋይ መለወጥን የመሳሰለውን አልጽፍም። ያንን ሳያዩ የሚመጡም አሉ፤ እነሱ ግን ጽሑፍም አያነቡም። እዚህ ላይ ባትሪ ስል የእጅ መብራቱን፣ ድንጋይ ስል ውስጡ የሚገባውን ማለቴ ነው።

ሲመቱት የሚበራ፣ ሲያስቀምጡት የሚጠፋ

አምፖሉን ተዉት፤ እሱ አይደለም። የድሮው አምፖል ቀጭን ክር ስለነበረው ሲወድቅ ይበጠስ ነበር፤ የዛሬው ኤልኢዲ ግን የሚበጠስ ክር የለውም። ችግሩ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ኤሌክትሪኩ ከድንጋዩ ራስ ወጥቶ በአምፖሉ ያልፋል፤ ከዚያ በቱቦው አካል ወደ ኋላ ተመልሶ በማብሪያውና በሞላው በኩል ወደ ድንጋዩ ግርጌ ይገባል። በዚህ ዙር ውስጥ ብረት ከብረት የሚነካካባቸው ብዙ ቦታዎች አሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ሲላላ ወይም ሲቆሽሽ ብርሃኑ ይርገበገባል። ትንሽ ነገር አትምሰላችሁ፤ 1 አምፔር በሚያልፍበት ባትሪ ውስጥ ግማሽ ኦም (ኤሌክትሪክን የመከልከል መለኪያ ነው) የምታህል ዝገት ግማሽ ቮልት ትበላለች። የአንዱ ትንሽ ድንጋይ ጉልበት በጠቅላላው 1.5 ቮልት ነው።

ታዲያ ሲመቱት ለምን ይበራል? ድንጋዩ ነጠር ብሎ ሞላውን ሲጫነው የዛገው ፊት ይፋቅና ለጊዜው ይነካካል። ያው ምት ግን ማብሪያውን የያዘውን ቀለበት እያላላው ይሄዳል። ነገ ሁለት ጊዜ መምታት ያስፈልጋል፤ ከሳምንት በኋላ አምስት ጊዜ።

ከደብረ ኤልያስ በኩል የመጡ አንድ የኔታ ባትሪያቸውን መቋሚያቸው ላይ ነበር የሚመቱት። «ልጄ፣ ይኼ ካልገሠጹት አይሰማም» አሉኝ። «የኔታ፣ እርስዎ በገሠጹት ቁጥር ነው የሚብስበት» አልኳቸው። ስከፍተው የማብሪያው ቀለበት ከቦታው ወጥቶ በክዳኑ ውስጥ ይንከባለላል። አጥብቄ መለስኩላቸው፤ ሳይመቱት በራ። ትንሽ ግራ ገባቸውና ለማንኛውም ብለው አንዴ ጠፍ አደረጉት።

ጥፋቱ ከፊት ይሁን ከኋላ የምትለዩት እንዲህ ነው። የኋላውን ክዳን ፈታችሁ ወደ ጎን አስቀምጡት። ድንጋዩ ቱቦው ውስጥ እንዳለ በተላጠ ሽቦ ወይም በፒንሳ አፍ የድንጋዩን ግርጌና የቱቦውን ጠርዝ አገናኙ። ጠርዝ የምለው የሚያብለጨልጨውን ባዶ ብረት ነው፤ ቀለሙ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሳይርገበገብ ከበራ በሽታው ክዳኑ ውስጥ ነው። ካልበራ ፊት ለፊት ሂዱ። በእኔ ጠረጴዛ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ክዳኑ ነው። ይህ ዘዴ ማብሪያቸው ከኋላ ለሆነ የብረት ባትሪዎች ነው። በፕላስቲኮቹ ውስጥ ቱቦውን ተከትላ የምትሄድ ስስ ቆርቆሮ አለች፤ እዚያ የመጀመሪያ ተጠርጣሪ እሷ ናት።

ክዳኑን ወደ ውስጥ ስታዩት ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ቀለበት ታገኛላችሁ። የወረንጦ ወይም የቀጭን መቀስ ሁለት ጫፎች አስገብታችሁ ወደ ቀኝ አጥብቁ። አልፎ አልፎ ጥርሱ ወደ ግራ የሆነ ያጋጥማል፤ እንቢ ካለ አታስገድዱት። ቀለበቱ ጥብቅ ሆኖ አሁንም ከተርገበገበ የቱቦውን ጠርዝና የክዳኑን ጥርስ በፋርማሲ አልኮል በተነከረ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ንጹሕ እስኪሆን ድገሙት። ቀላል ቆሻሻ በእርሳስ ላጲስ ይለቃል። ሞላው ተጨፍልቆ ከሆነ በወረንጦ ያዝ አድርጋችሁ በጥቂቱ ሳቡት፤ በጥቂቱ ነው ያልኩት፣ አንድ ወጣት የባትሪውን ሞላ እንደ ጎተራ መሰላል ዘርግቶ አምጥቶልኝ ያውቃል።

ዝገቱ ከየት መጣ የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ ምላሹም ርካሹ ድንጋይ ነው። በርካሹ ዚንክ ካርቦን ድንጋይ ውስጥ መያዣ ጣሳው ራሱ ዚንክ ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውም ያው ዚንክ እየተበላ ነው። ስለዚህ ድንጋዩ እያለቀ ሲሄድ ግድግዳው እየሳሳ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ይበሳና ውስጡ ያለው ይፈሳል። ያለቀ ድንጋይ ባትሪ ውስጥ መተው ማለት ሞላው ላይ አሲድ እያንጠባጠቡ ማስቀመጥ ነው። አልካላይን የሚባለው የተሻለ ነው፤ ግን እሱም ሲረሳ ያፈሳል፣ የሚያፈሰውም ቆዳና ዓይን የሚጎዳ ብርቱ ፖታሽ ነው። ነጩን ዱቄት በባዶ እጅ አትፈርፍሩት፤ ከዚያ ዓይናችሁን አትሹ።

መድኃኒታቸው ይለያያል። የአልካላይኑን ነጭ ቅርፊት በአቼቶ ወይም በሎሚ ጭማቂ በተነከረ ጥጥ ትነኩታላችሁ፤ ትንሽ ይፈላና ይለቃል። የዚንክ ካርቦኑ ግን አሲድነት ስላለው ሎሚ መጨመር ባለበት ላይ ማባባስ ነው፤ ለእሱ በውሃ የተለወሰ ቤኪንግ ሶዳ ይሻላል። ከዚያ በአልኮል ጠርጋችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ የቀረውን በስስ ብርጭቆ ወረቀት ፍቁት። ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ አትንከሩ። ሞላው ተበልቶ ቀጥኖ ከሆነ መፋቅ አያድነውም፤ ከሌላ ሙት ባትሪ ላይ ሞላ አውጥቼ ነው የምተካው።

አንድ የመጋዘን ዘብ በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ድንጋይ ገዝቶ ባለሱቁን «የሞተ ሸጥክልኝ» እያለ ሲጣላ ከርሞ መጣ። ድንጋዮቹ ደህና ነበሩ። ሞላው አረንጓዴ ሆኗል፤ በዚያ ላይ እንዲነካካለት ብሎ ከሲጋራ ፓኮ የወጣ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ ጎስጉሶበታል። ይህ ብርማ ወረቀት ስንቱን ባትሪ እንደገደለ እኔ ነኝ የማውቀው። በተራ ድንጋይ ላይ ቢያንስ ጉዳቱ ባትሪው ላይ ይቀራል። ሊትየም ድንጋይ ባለበት ግን ወረቀቱ ተንሸራቶ ሁለቱን ጫፍ ካገናኘ ድንጋዩ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። የሱሪ ኪሱ ተቃጥሎ የመጣ ሰው አይቻለሁ፤ ጭኑ ላይ የቀረውን ጠባሳ አልጽፈውም።

ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣትና በጥርስ መንከስም አለ። ሙቀቱ በውስጡ የቀረችውን ጥቂት ጉልበት ለጊዜው ይቀሰቅሳታል፣ ባትሪውም ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ቆርቆሮው ግን ቀድሞውኑ ሳስቷል፤ ተነክሶ ሲመለስ ብዙ ሳይቆይ ሊያፈስ ይችላል። አሮጌና አዲስ ድንጋይ መቀላቀልም ውጤቱ ያው ነው፤ ደካማው በብርቱዎቹ ተገፍቶ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ይገለበጥና ያፈሳል።

አዲስ ድንጋይ ገብቶ ጨርሶ የማይበራ

በሚሞላው ሊትየም ድንጋይ የሚሠሩት ላይ ይታያል። 18650 የሚባለው ድንጋይ 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት አለው፤ ግን ራሱ ጠፍጣፋ የሆነና ጡት ያለው ይለያያል። አንዳንድ ባትሪ ድንጋዩ ቢገለበጥ እንዳይጎዳ ሲባል ፊቱ ላይ የፕላስቲክ ማገጃ አለው፤ ጠፍጣፋው እዚያ አይደርስም። ጡት ያለውን ግዙ። ብርማ ወረቀት እንዳትሉኝ።

ላዩ ላይ 9,900 ሚሊአምፔር ሰዓት (ድንጋዩ የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን) ብሎ የጻፈ ካያችሁ መልሱት። የዚህ ልክ ደህና ድንጋይ 3,500 አካባቢ ነው፤ ከ45 ግራም በላይም ይመዝናል። ሐሰተኛው በእጅ ሲይዙት ይቀልላል። አንዱን ቀድጄ ውስጡ ከጣት ያነሰ ድንጋይ በነጭ ዱቄት ተከብቦ አግኝቻለሁ።

ሳይበራ አድሮ ድንጋይ የሚጨርስ

ወይ ሳታውቁት ኪስ ውስጥ በርቶ ነው፣ ወይ ማብሪያው በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ስለሆነ ጠፍቶም ጥቂት ጥቂት ይጠጣል። ለሁለቱም የኋላውን ክዳን ሩብ ዙር ያህል ማላላት በብዙዎቹ ላይ ይበቃል። ይህን አንድ እንቅስቃሴ ልመዱ፤ ብርቱው ባትሪ ጋቢ ውስጥ በርቶ ጨርቅ ሊያሳርር ይችላል።

መስታወቱ ውስጥ ጉም

ከጭስ ቤት ሙቀት ወደ ሐምሌ ዝናብ ሲወጣ ውስጡ ያለው እርጥበት መስታወቱ ላይ ይይዛል። ድንጋዩን አውጥታችሁ ክፍቱን ደረቅ ቦታ አሳድሩት፤ ምድጃ ላይ አትደግፉት። ጥርሱ ሥር ያለው የጎማ ቀለበት ከተሰነጠቀ ለውጡ። ሲሊኮን ግሪስ ቀቡት፤ ቫዝሊን አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠዋል።

በሶኬት የሚሞላው

ሁለት ጥርስ ከቂጡ የሚያወጣውና ግድግዳ ላይ የሚሰካው ማለቴ ነው። ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ 4 ቮልት የእርሳስ አሲድ ድንጋይ ነው። ባዶውን ክረምቱን ሙሉ ከተቀመጠ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ሰልፌት በሚባል ቅርፊት ይሸፈናሉ፣ አይነሣም፤ በየወሩ ሙሉት። ብዙዎቹ ትራንስፎርመር የላቸውም፤ 220 ቮልቱ ከውስጡ ሽቦ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ተሰክቶ እያለ አትክፈቱ። ተሰክቶ እያለ አታብሩት። የሞተ ድንጋይ ያለውን ሰክታችሁ ብታበሩት ኤልኢዲዎቹ በአንድ ጊዜ ይቃጠላሉ። ልጆች ሲነካኩት ካያችሁ ውሰዱባቸው። ይህን ዓይነቱን መጠገን ትቻለሁ ማለት ይቀለኛል።

ሲገዙና ሲይዙ

ለኪስ የምመክረው አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ ድንጋይ የሚወስድ፣ አካሉ ብረት፣ የኋላ ክዳኑ የሚፈታ ባትሪ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የዚያ ድንጋይ ቡሬም ሞጣም ቢቸና በየሱቁ ይገኛል፣ ክዳኑ የሚፈታ ደግሞ ይጠገናል። ተጣብቆ የተዘጋውን አልገዛም። ስለ ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ቁጥር አትጨነቁ፤ ለጭቃ መንገድና ለውሻ 100 ሉመን ይተርፋል፣ ለቤት ውስጥ 10 እንኳ ይበዛል። ዝቅ የሚል ብርሃን ያለውን ምረጡ፤ ድንጋዩም ይቆያል፣ በሌሊት ማኅሌት የሚቆመውን ሰው ዓይንም አይወጋም። ለዝናብ አይፒኤክስ 4 (ውሃ የመቋቋም ደረጃ ነው) ያለው ይበቃል፤ ወንዝ የሚሻገር አይፒኤክስ 7 ይፈልግ፣ እሱ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይችላል።

ስልኬ ያበራል የሚል ሰው በዝናብ ውስጥ በአንድ እጁ ጃንጥላ፣ በሌላው ስልክ ይዞ አጥር ሲሻገር አይቼዋለሁ። ስልኩን ያወጣነው ከቦዩ ነው።

ትርፍ ሊትየም ድንጋይ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ አትክተቱ፤ በፕላስቲክ መያዣው ይሁን። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የምትወርዱ ሾፌሮችና ረዳቶች ደግሞ ባትሪውን ከመስታወቱ ሥር ፀሐይ ላይ አትተዉት፤ ሙቀቱ ድንጋዩን ቶሎ ያስረጀዋል። ባትሪውን በክር አንገት ላይ ማንጠልጠል ጥሩ ነው፤ ክሩ ግን ሲጎተት የሚበጠስ ይሁን፣ ቅርንጫፍ ሲይዘው አንገት የሚያንቅ ናይለን አይሁን። ገጠር የሚያድረውን ባትሪ ከጭቃው ግድግዳ መስኮት ላይ አውርዱት፤ እርጥበቱን ከዚያ ነው የሚጠጣው። ድንጋዩም ለብቻው ወጥቶ ከጎኑ ይቀመጥ።