አሬ ገደል ስትሄዱ ከነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ማይሪንገን ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ አሬ ወንዝ አንድ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ሰንጥቆ ያልፋል። ገደሉ 1.4 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በጣም የሚጠብበት ቦታ ላይ ስፋቱ 1 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1888 ጀምሮ ሰው በግድግዳው ላይ በተሠራ መተላለፊያ ይጎበኘዋል። አገር ቤት ወንዝ ዳር ያደግን ሰዎች ግን እዚህ ስንመጣ የገዛ እውቀታችን ያሳስተናል።

ትልቁ ስህተት ፀሐይን ማመን ነው። የእኛ ወንዝ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል። ሰማዩ ከጠራና ደጋው ላይ ካልዘነበ ደፍረን እንሻገራለን። እንደ አሬ ከበረዶ ግግር፣ ማለትም ተራራ ላይ ከተከመረ ወፍራም በረዶ፣ የሚነሳን ውሃ የሚያሞላው ግን ራሷ ፀሐይ ናት። ሌሊት ብርዱ የበረዶውን መቅለጥ ይገታዋል፤ ቀን ሲሞቅ ውሃው ይጨምራል። አንድ ሐምሌ ወደ ግግሩ ስወጣ፣ ጠዋት ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጥኩ አንዲት ጅረት ተሻገርኩ። አመሻሽ ላይ ስመለስ ድንጋዮቹ የሉም፤ ውጣቸዋለች። ቀኑን ሙሉ ጠብ ያለ ዝናብ አልነበረም። ከውሃው ሥር ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማኝ ነበር። ድልድይ ፍለጋ ዞርኩ። እባካችሁ፣ በጠዋት የተሻገራችሁትን ለማታ አትመኑት።

ከላይ ግሪምዝል በሚባለው ተራራማ አካባቢ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ግድቦችም አሉ። ውሃው በድንገት ሊጨምር ስለሚችል፣ የማስጠንቀቂያ ምልክት ካያችሁ ልጆቻችሁን ወደ ወንዙ ጠጠር አታውርዱ።

ግራጫውን ውሃ አይቶ «ቆሽሿል» ማለትም ስህተት ነው። ግግሩ ሲንሸራተት ከሥሩ ያለውን አለት እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። በብርጭቆ ቀድታችሁ አስቀምጡት፤ እንደ ልም ዱቄት ያለ ነገር ከሥሩ ይዘቅጣል።

ገደሉን የመሬት መንቀጥቀጥ የሰነጠቀው የሚመስለውም ብዙ ነው። የቦረቦረው በበረዶ ዘመን የቀለጠ ውሃ ነው፤ አሸዋና ጠጠር ተሸክሞ። ግድግዳውን ቀና ብላችሁ እዩት። እንደ ጋን ሆድ የተጎደጎዱ ክብ ቦታዎች አሉ። አዙሪት ድንጋይ እያሽከረከረ የፈለፈላቸው ናቸው። እኔ እዚያ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ።

በርን ከተማ ሰዉ አሬ ውስጥ ሲዋኝ አይታችሁ እዚህም አትሞክሩ። ወንዙ በርን የሚደርሰው ብሪየንዝና ቱን ሐይቆችን አልፎ ነው፤ ዱቄቱ እዚያ ይዘቅጣል፣ ውሃውም ይሞቃል። ገደሉ ጋ ያለው ግን እጅና እግር የሚያደነዝዝ ብርድ ነው።

ሹራብ ያዙ፤ ውጭ ሙቀት ሆኖ ውስጡ ይቀዘቅዛል። በአውሮፓ ክረምት፣ ማለትም በብርዱ ወራት፣ ዝግ ስለሆነ በዚያ ወቅት ለመምጣት አትልፉ። በምዕራቡ በር ገብታችሁ በምሥራቁ ከወጣችሁ፣ ትንሿ ባቡር ወደ ማይሪንገን ትመልሳችኋለች።