ሰደርያው ሲወልቅ፦ አዲስ አበባ ላይ ፓርኪንግ ለምትሠሩ

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ ፓርኪንግ ለምትሠሩና ልትጀምሩ ላሰባችሁ ነው። ሰደርያ ልበሱ፣ ደረሰኝ ቁረጡ፣ መስመር አስይዙ የሚላችሁ ሞልቷል። ሥራው ከሰውነታችሁ ምን እንደሚወስድና ማታ ቤት ስትገቡ ለራሳችሁ ምን እንደሚተርፍ ግን የሚነግራችሁ የለም።

ከእግር እንጀምር። አስፋልት ላይ ቆሞ መዋል በወጣትነት ቀላል ይመስላል። ሲከርም የእግር ደም ሥር ያብጣል፣ ወገብ ይይዛል። አንድ ቦታ ተገትሮ መዋል የበለጠ ይጎዳል፣ ስለዚህ መኪና በሌለ ሰዓት ወዲያ ወዲህ በሉ፣ ማታም እግራችሁን ትራስ ላይ ሰቅላችሁ ጥቂት ተጋደሙ። ለጫማ ገንዘብ አትሰስቱ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐይዋ ታቃጥላለችና ኮፍያ አይለያችሁ። ክረምት ላይ ትርፍ ካልሲ በፌስታል ያዙ።

ስለ ሽንት ቤት ማንም አያወራም፣ እኔ ግን ላውራ። በተለይ ሴቶቹ የሚሄዱበት ስለሌላቸው ብቻ ውሃ ሳይጠጡ የሚውሉበት ቀን አለ። ይህ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ለኩላሊት ጠጠር ያጋልጣል፣ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። መፍትሔው ሰፈሩን ቶሎ መልመድ ነው። ቦታ እንደተመደባችሁ የካፌውን አስተናጋጅ፣ የሕንፃውን ጥበቃ፣ ጀበና ቡና የምትሸጠዋን እህት፣ ሊስትሮውን ተዋወቁ። ሰላምታችሁ ለባለ መኪና ብቻ አይሁን። ሽንት ቤት የሚፈቅዱላችሁ፣ ዝናብ ሲመጣ በረንዳ ላይ የሚያስጠጓችሁ፣ ከሹፌር ጋር ስትጋጩ «ልጁን እናውቀዋለን» ብለው የሚመሰክሩላችሁ እነሱ ናቸው።

ጠብ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በሰዓትና በጭረት ነው። መኪናው እንደቆመ ሰዓቱን ለሹፌሩ ተናገሩ፣ ጻፉትም። የተጫረ በር ወይም የተሰበረ ስፖኪዮ ካያችሁ ሰውየው ሳይርቅ «ጋሼ፣ ይቺ ቀድሞም ነበረች አይደል?» በሉት። ይቺ አንድ ጥያቄ ማታ ከሚመጣ ትልቅ ጣጣ ታድናለች። «ሁለት ደቂቃ ነው የቆምኩት» ብሎ ሳይከፍል የሚፈተለክም አይጠፋም። ታርጋውን መዝግቡ፣ ፊቱ ግን አትቁሙ፣ ሮጣችሁም በሩን አትያዙ፣ ምክንያቱም ለጥቂት ብር ተብሎ የሚሰበር እግር የለም። ወደ ኋላ ስታስገቡም ከመኪናው ጀርባ ራቁና በሹፌሩ በኩል፣ በስፖኪዮ በምትታዩበት ቦታ ሁኑ። ስድብ ሲደርስባችሁ ደግሞ ውጣችሁ አትዋሉ። ለምታምኑት ባልደረባ እዚያው ተንፍሱት፣ አለዚያ ቤት ሄዳችሁ ምንም ያላጠፉ ልጆች ላይ ትጮኻላችሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የደረሰኙን ሒሳብና የራሳችሁን ጉርሻ በተለያየ ኪስ ያዙ። በቴሌብር ወደ ግል ስልካችሁ የሚላክ ክፍያ ካለ ከማኅበሩ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። የዕለት ገቢ ሳይታወቅ ያልቃል፣ ስለዚህ በየቀኑ የሚጣል እቁብ ለዚህ ሥራ በጣም ይመቻል።

በቅጥር የምትሠሩ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የሳምንት ዕረፍትና በመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድም አላችሁ። በማኅበር የተደራጃችሁ ግን ለራሳችሁ አሠሪ እናንተው ናችሁና ዕረፍቱንና ፈረቃውን በስብሰባ ወስናችሁ ቃለ ጉባኤ ላይ አስጽፉት። በቃል የተስማማችሁበት ዕረፍት ሥራ ሲበዛ መጀመሪያ የሚሰረዝ ነገር ነው። ወረዳ ጎራ ብላችሁም ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባ ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ የምጨነቅበት የነገው ነገር ነው። መገናኛ ላይ መኪና በማሽን ተነስቶ ሲደረደር አይታችኋል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የመስቀል አደባባይ የምድር ውስጥ ማቆሚያም 1,400 ያህል መኪና ይይዛል። ሥራው ከመንገድ ዳር ወደ እንዲህ ያለ ቦታ እየገባ ነው፣ እዚያ ደግሞ ኮምፒውተር የሚነካካና ሒሳብ የሚይዝ ሰው ይፈለጋል። ዋሽንግተን ዲሲ ያሉ ብዙ ወገኖቻችንም ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ እየሠሩ ነው የተማሩት። እናንተም የማታ ትምህርት ወይም መንጃ ፈቃድ ጀምሩ። ለዚህ የጠዋት ፈረቃ ያስፈልጋችኋልና ምዝገባው ከመድረሱ በፊት ከአንድ ባልደረባ ጋር ተስማሙ፦ እሱ በፈተና ሳምንት ይሸፍንላችሁ፣ እናንተ ደግሞ በበዓል ሰሞን ሸፍኑለት፣ ተራችሁንም ለማኅበሩ ሰብሳቢ በጽሑፍ አሳውቁ።