ዋይልድ ጋንስ ካሴት ስትገዙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሮጌ ጌም የሚሰበስቡ የአዳማ ልጆች ሰሞኑን ስለ አንድ ካሴት ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ ስለ ዋይልድ ጋንስ። ለሁለት ሆነው የሚጫወቱት የተኩስ ጌም ነው። የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኩባንያ ናትሱሜ እ.ኤ.አ. በ1994 ለሱፐር ፋሚኮም (አሜሪካ ውስጥ ሱፐር ኒንቴንዶ ለሚባለው የኒንቴንዶ ማሽን) አወጣው፤ በ1995 አሜሪካ ገባ። ካውቦይና ግዙፍ ሮቦት አንድ ላይ የሚታኮሱበት ዓለም ነው። አኒና ክሊንት የሚባሉ ሁለት ተኳሾች አሉት። ጌሙን በዋናነት የሠሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። በዘመኑ ብዙ ሰው ሳያየው አለፈ። ዛሬ ግን ዋጋው የማይቀመስ ነው፤ ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን ነገሮች ልብ በሉ።

የመጀመሪያው ስህተት በድሮው ቲቪ ጌም ይሠራል ብሎ ማሰብ ነው። በቢጫ ካሴት ኮንትራ የተጫወትንበት ማሽን የፋሚኮም፣ ማለትም የኒንቴንዶ የቀድሞ ማሽን፣ ቅጂ ነው፤ 8 ቢት። ዋይልድ ጋንስ የ16 ቢት ካሴት ነው፤ ጭራሽ አይገባም። ሱፐር ኒንቴንዶ ወይም ሱፐር ፋሚኮም ያስፈልጋችኋል።

ሁለተኛው ማሽኑን የሚገድለው ነው፤ መብራት። ዘመድ ከአሜሪካ ማሽኑን ይዞ ይመጣል። ቦሌ ወርዶ በፈጣን መንገዱ አዳማ ይገባል። ቤት ውስጥ ያለው ዲቫይደር ሁሉንም ዓይነት መሰኪያ ስለሚቀበል ጠፍጣፋዎቹ ሁለት ጥርሶች ሰተት ብለው ይገባሉ። ችግሩም እዚህ ጋ ነው። የአሜሪካው አዳፕተር የተሠራው ለ120 ቮልት፣ የጃፓኑ ለ100 ቮልት ነው። የእኛ ግድግዳ 220 ነው። አዳፕተሩ ወዲያው ይቃጠላል። መሰኪያ መቀየሪያ የምትባለው ትንሿ ነገር ደግሞ ቅርጹን እንጂ ቮልቴጁን አትቀይርም። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ግዙ፤ ለጃፓኑ ወደ 100፣ ለአሜሪካው ወደ 110 ወይም 120 የሚያወርድ። ወይም በ220 የሚሠራ፣ 10 ቮልት ዲሲ የሚያወጣ፣ ቢያንስ 850 ሚሊአምፔር የሆነ አዳፕተር ፈልጉ። ስትገዙ ጀርባው ላይ ያለችውን የክብ ምልክት እዩ። የኒንቴንዶው መሃሉ ኔጌቲቭ ነው፤ ሱቅ ውስጥ የምታገኟቸው አብዛኞቹ ግን መሃላቸው ፖዘቲቭ ነው። የጃፓኑ ማሽን የተለመደውን ክብ ጃክ ይቀበላል። የአሜሪካው ጃክ ግን ለብቻው የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ማሽኑን ይዛችሁ ሄዳችሁ ልኩን ሞክሩ።

ሦስተኛው አገር ማምታታት ነው። የጃፓንና የአሜሪካ ካሴት የሚለያዩት በቅርጽ ብቻ ነው። አሜሪካዊው ማሽን ውስጥ ያሉት ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ናቸው የጃፓኑን ካሴት የሚከለክሉት። የአውሮፓው ግን ሌላ የመቆለፊያ ቺፕ አለው፤ ፕላስቲክ በመቁረጥ አይፈታም። ደግሞ የአውሮፓ ማሽን በ50 ኸርትዝ (በሰከንድ 50 ምስል) ነው የሚሠራው፤ የጃፓኑና የአሜሪካው በ60 ነው። ለዚያ ያልተስተካከለ ጌም በስድስት አንድ እጅ ያህል ይንቀራፈፋል። የእኔ ምርጫ የጃፓኑ ማሽን ከጃፓኑ ካሴት ጋር ነው። ተኩስ ነው እንጂ የሚነበብ ወሬ የሚበዛበት ጌም አይደለም፤ ቋንቋው አያስቸግራችሁም። ቴሌቪዥናችሁ ኤንቲኤስሲ የሚባለውን የጃፓንና የአሜሪካ የምስል ዓይነት መቀበሉን አረጋግጡ፤ የሚቀበለው ፓል የሚባለውን የአውሮፓውን ብቻ ከሆነ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሊሆን ወይም ሊንከባለል ይችላል። በአንቴና መስመር ሳይሆን በኤቪ ገመድ አገናኙ።

አራተኛው ፎርጅድ መግዛት። ውድ ካሴት በሙሉ ፎርጅድ አለው፤ ይሄኛው ደግሞ በብዛት። ሻጩ ፎቶ ሲልክላችሁ የውጪውን ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ። ኦሪጅናሉ በ3.8 ሚሊሜትር ልዩ ብሎን ነው የሚዘጋው፤ ተራ የመስቀል ብሎን ካያችሁ ተጠራጠሩ። ካሴቱን ከፍቶ ቦርዱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ቦርዱ ላይ የኒንቴንዶ ስም መታተም አለበት። የተበየደ ቀጭን ሽቦ ወይም የጥቁር ሙጫ ጠብታ ካለ ተዉት። አልከፍትም ካለም ተዉት። ሌላ ሻጭ አይጠፋም።

ጽዳት ላይ ብዙ አላወራም። የአዳማ ነፋስ አቧራውን የት እንደሚያደርስ ታውቁታላችሁ። ካሴት ላይ እፍ ማለት ግን አይረዳም፤ የምራቅ እርጥበት የካሴቱን የብረት ጥርሶች ያዝጋል። በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ደግሞ የወርቅ ቅቡን ያነሳዋል። ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ ጥረጉ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። ሌላ አያስፈልግም።

አሁን ብዙ ሰው የማያነሳው ስህተት፤ ለብቻ መጫወትና እንደ ኮንትራ መጫወት። ኮንትራ ላይ እየሮጥን ነው የምንተኩሰው። እዚህ የተኩስ ቁልፉን ስትይዙ ሰውዬው ይቆማል፤ የሚንቀሳቀሰው ዒላማው ነው። ስትለቁት ዒላማው ከሰውዬው ጋር አብሮ ይሄዳል። ይህን ያልለመደ ሰው የመጀመሪያዋ ካርሰን ሲቲ ላይ ይሞትና ጌሙ አስቀያሚ ነው ይላል። አይደለም፤ ጣት እስኪለምድ ነው። እየተኮሳችሁ መዝለያውን ከአቅጣጫ ጋር ስትጫኑ ትንከባለላላችሁ። ሰውዬው ራስ ላይ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ብቅ ሲል ጥይት እየመጣ ነው ማለት ነው። የጠላትን ጥይት በአየር ላይ መምታት ይቻላል፤ ያ ደግሞ መለኪያውን ይሞላል። ሲሞላ ከባዱን መትረየስ ታገኛላችሁ።

ለሁለት ስትሆኑ ታዲያ ስክሪኑን ተካፈሉት፤ አንዱ ግራውን፣ ሌላው ቀኙን ይያዝ። ሁለቱም አንድ ጠላት ላይ ከተረባረቡ በሌላው በኩል የሚወረወረው ዳይናማይት ነው የሚጨርሳችሁ። ዳይናማይቱን አንስቶ መልሶ መወርወርም ይቻላል፤ የቀረበው ያንሳው ብላችሁ ተስማሙ። ሁለተኛ ጆይስቲክ ሳይኖራችሁ ካሴቱን አትግዙ። መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ሳይሆን መጫወት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ያው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ለፕሌይ ስቴሽን 4 ያወጣው ዋይልድ ጋንስ ሪሎድድ አለ። እስከ አራት ሰው ያጫውታል፤ ፕሌይ ስቴሽን 4 ያለው ጓደኛ ደግሞ አዳማ ላይ አይጠፋም።