የፈንገስ ቅባት በድሬ ሙቀት፦ እንዴት ይገዛል፣ እንዴት ይቀባል፣ መቼ ይቆማል

ድሬዳዋ ላይ ግንቦትና ሰኔ ሲገቡ ሸሚዝ ስር ያለ ላብ አይደርቅም። ብብት፣ ጭን መሀል፣ ጡት ስር፣ የእግር ጣቶች መሀል እንደረጠበ ይውላል። ፈንገስ ደግሞ ሙቀትና እርጥበት ካገኘ ሌላ አይፈልግም። ከከዚራ እስከ ሳቢያን በየፋርማሲው መስኮት «እህት፣ ለሚያሳክክ የሚሆን ቅባት ስጪኝ» የሚል ሰው አይጠፋም።

ጣጣው ከዚህችው ጥያቄ ይጀምራል። የሚያሳክክ ሁሉ ፈንገስ አይደለም። ማሳከክ የሚያስታግስ ቅባትም ሁሉ ፈንገስ አይገድልም። እንዲያውም አንዳንዱ ፈንገሱን ያበረታዋል።

መጀመሪያ ምን እንደያዛችሁ እዩ

ጭርት ብዙ ጊዜ ክብ ነው። ጠርዙ ከፍ ያለና ቅርፊት ያለው ሲሆን መሀሉ እየጠራ ይሄዳል። ቋቁቻ ደረት፣ ጀርባ፣ ትከሻና አንገት ላይ ነጣ ወይም ጠቆር ብሎ ይወጣል፣ ሲፍቁት ደቃቅ ቅርፊት ይረግፋል፣ ብዙም አያሳክክም። የእግር ጣት መሀል ነጣ ብሎ የሚላላጠው፣ ጭን መሀል የሚቀላውና የሚያቃጥለውም ብዙ ጊዜ ፈንገስ ነው። እነዚህ በቅባት ይድናሉ።

በቅባት የማይድኑም አሉ። የልጅ ራስ ላይ የሚወጣ ቆረቆር አንዱ ነው። ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚገባ ቅባት አይደርስበትም። ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል፣ እሱንም የሚያዘው ሐኪም ነው። የጥፍር ፈንገስም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው። ማታ ማታ የሚብስ፣ የእጅ ጣቶች መሀልና የእጅ አንጓ ላይ የሚወጣ፣ ቤተሰቡን ሁሉ የሚያዳርስ ማሳከክ ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላል። የእከክ መድኃኒት ሌላ ነው።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ወጥቶባችሁ ቦታው ሲነካ የማይሰማችሁ ከሆነ ቅባት አትግዙ። ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ሌላ ሰው በጥጥ ጫፍ ይንካላችሁ። ካልተሰማችሁ ወይም ከሌላው ቆዳ አንሶ ከተሰማችሁ ሥጋ ደዌ እንዳይሆን መታየት አለበት። በእኛ አካባቢ ይህ ተረት አይደለም። በሐረርና በባቢሌ መካከል ያለው ቢሲዲሞ ሆስፒታል መጀመሪያ የተቋቋመው ለዚሁ በሽታ ሕሙማን ነበር። ዛሬ በሽታው ይድናል፣ መድኃኒቱም በነጻ ይሰጣል። ቶሎ ከተጀመረ ጣትም ዐይንም ይተርፋል።

ስኳር ያለባችሁ ሰዎች እግራችሁ ላይ የወጣን ነገር በራሳችሁ አታክሙ። ለሕፃንና ለነፍሰ ጡርም ቢሆን አስቀድሞ ባለሙያ መጠየቅ ይሻላል።

ቱቦው ላይ ያለውን ስም አንብቡ

ትልቁ ስም የፋብሪካው ስም ነው፣ እሱን ተዉት። ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን ፈልጉ። ክሎትሪማዞል 1%፣ ሚኮናዞል 2%፣ ኬቶኮናዞል 2% ወይም ተርቢናፊን 1% የሚል ካያችሁና ሌላ ምንም ካልተደባለቀበት የፈንገስ መድኃኒት ነው። ኒስታቲን ካንዲዳ ለሚባለው ፈንገስ እንጂ ለጭርት አይሠራም። ሚኮናዞል ደግሞ ዋርፋሪን ከሚባለው የደም ማቅጠኛ ጋር ስለሚጋጭ፣ ያንን የሚወስድ ሰው ለፋርማሲ ባለሙያው ይንገር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ቤታሜታሶን፣ ክሎቤታሶል፣ ትራያምሲኖሎን፣ ሞሜታሶን፤ እነዚህ ስቴሮይድ ናቸው። ብዙ ጊዜ ከፈንገስ መድኃኒትና ከፀረ ባክቴሪያ ጋር በአንድ ቱቦ ተቀላቅለው ይመጣሉ። ሲቀቡ ደስ ይላሉ። በሁለት በሦስት ቀን ማሳከኩ ጸጥ ይላል፣ መቅላቱም ይደበዝዛል። ሰው «ፍቱን ነው» ብሎ ለጎረቤቱ ያቀብላል። ውስጥ ለውስጥ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ስቴሮይድ የቆዳውን መከላከያ ስለሚያዳክም ፈንገሱ ያለ ከልካይ ይሰፋል። ክቡ ቅርፅ ይጠፋል፣ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ሐኪም እንኳን አይቶ ለመለየት ይቸገራል። ቱቦው ሲያልቅ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። ያን ጊዜ ሌላ ቱቦ መግዛት ነው ወጥመዱ። ጭን መሀልና ብብት ላይ ሲሰነብት ደግሞ ቆዳው ይሳሳል፣ እንደ እርግዝና ሸንተረር ያለ መስመር ያወጣል፣ መስመሩም አይጠፋም። እኔ ብሆን ለጭርት እንዲህ ያለ ቱቦ ቤቴ አላስገባም። ሐኪም አይቶ ካዘዘው ሌላ ነገር ነው። ያኔም «ለስንት ቀን?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሳምንታት ስትቀቡት የቆያችሁ ካላችሁም ተመርመሩ፣ በራሳችሁ ሌላ አትደርቡበት።

ክሎትሪማዞልና ክሎቤታሶል በጆሮ ሲሰሙ ይቀራረባሉ። በስልክ ስም ነግራችሁ ልጅ አትላኩ። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ ወይም የድሮውን ካርቶን ፎቶ አንስታችሁ ስጡት። ከመንገድ ላይ ዘርጊና ከኮስሞቲክስ ሱቅም የቆዳ መድኃኒት አትግዙ። ፊት ያቀላሉ የሚባሉት ክሬሞች ውስጥ ክሎቤታሶል የሚገባበት ጊዜ አለ።

ቀኑንም እዩ። ቱቦው ላይ 06/2027 ቢል አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው፣ በእኛ ሰኔ 2019 አካባቢ ማለት ነው። 06ን የካቲት፣ 2027ን ደግሞ የእኛ ዓመት አድርጎ ያነበበ ሰው ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ዓመታት ሙሉ ሊቀባ ይችላል።

አቀባቡ

ቦታውን በውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጠቡ። ከዚያ አድርቁት። ማድረቅ ስል ፎጣ አስነክቶ መተው አይደለም፣ የጣቶችን መሀል አንድ በአንድ ነው። ለታመመው ቦታ የተለየ ፎጣ ይኑራችሁ።

መጠኑን በጣት ለኩ። ከአመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚደርስ መስመር ግማሽ ግራም ገደማ ነው፣ የአዋቂ ሁለት መዳፍ (ጣቶቹን ጨምሮ) የሚያህል ቆዳ ይሸፍናል። በዚህ ሒሳብ አንድ መዳፍ የሚያህል ጭርት በቀን ሁለት ጊዜ ቢቀባ በአራት ሳምንት 14 ግራም ይበላል። ስለዚህ አንድ ባለ 20 ግራም ቱቦ ይበቃል። በሳምንት ከጨረሳችሁት እያበዛችሁ ነው፣ ወይም ቤት ውስጥ ሌላም ሰው እየተቀባ ነው።

ከጠርዙ ውጪ ካለው ጤነኛ ቆዳ ጀምራችሁ ወደ መሀል ቀቡ። አንድ የአውራ ጣት ስፋት፣ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አሳልፉ። ፈንገሱ የሚስፋፋው ወደ ውጪ ነው፣ ዐይን ሳያየው ከጠርዙ አልፎ ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚያሳክከውን መሀሉን ብቻ ይቀባና ክቡ ሲሰፋ መድኃኒቱን ያማል። በስሱ አሹት፣ ነጭ ሆኖ መታየት የለበትም። ከዚያ እጃችሁን ታጠቡ፤ የተቀባችሁት እጃችሁን ካልሆነ በቀር። ዐይን፣ አፍና የተቆረጠ ቁስል ውስጥ አይግባ። በፌስታል ወይም በፕላስተር አትጠቅልሉት፣ እርጥበት ትቆልፉበታላችሁ። የምታጠቡ እናቶች ጡት አካባቢ ከተቀባችሁ ሕፃኑን ከማጥባታችሁ በፊት እጠቡት።

ለሰጋጆች ሰዓቱ መታሰብ አለበት። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሰው እግሩ ላይ የተቀባው መድኃኒት በየሶላቱ ይታጠባል። መፍትሔው ቀላል ነው። አንዱን ከኢሻ በኋላ ሌሊቱን እንዲያድር፣ ሌላውን ከሱብሂ በኋላ እስከ ዙህር እንዲቆይ ቀቡ። ከውዱእ በኋላም የጣቶቻችሁን መሀል አድርቁ። በጋራ ከሚደረጉት ነጠላ ጫማዎች ይልቅ የራሳችሁን ያዙ።

ትንሽ መለብለብ ወይም መሞቅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያጋጥማል። ውሃ ከቋጠረ፣ ካበጠ ወይም መቅላቱ ከቀን ወደ ቀን ከባሰ አቁሙ፣ እጠቡት፣ ለባለሙያ አሳዩ። ፊት ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ አስሮ ማደሩንም ተዉት። ቆዳ ያቃጥላል፣ ጭርቱ ላይ ቁስል ይጨምራል።

ቱቦው የት ይቀመጥ?

አብዛኛው ካርቶን «ከ30 ዲግሪ በታች»፣ አንዳንዱ «ከ25 በታች» ይላል። ቆርቆሮ ጣሪያ ስር የከረመ የድሬ ሰው በዚህ ይስቃል፣ አቦ! ቢሆንም የሚቻለውን አድርጉ። ከመስኮት፣ ከባጃጅ ዳሽቦርድና ከምድጃ አርቁት። ወለል አጠገብ ያለ ቁም ሳጥን ይሻላል። ካርቶኑ ውስጥ ያለው የመመሪያ ወረቀት ካልከለከለ ፍሪጅ በር ላይም ይሆናል፣ ፍሪዘር ውስጥ ግን አይሆንም። ውሃው ለብቻው የሚወጣ ወይም ሽታው የተለወጠ ቅባት ይጣል። ልጆች እንዳይደርሱበትም ቆልፉበት።

መቼ ይቆማል?

ማሳከኩ ሲጠፋ አይደለም። ክሎትሪማዞል ለጭርት ብዙ ጊዜ እስከ አራት ሳምንት ይቀባል፣ ቆዳው ከጠራ በኋላም አንድ ሁለት ሳምንት መጨመር ይመከራል። ተርቢናፊን አጭር ነው፣ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሊበቃው ይችላል። የእናንተን ወረቀት ተከተሉ። አንድ ጊዜ ከረሳችሁ ባስታወሳችሁ ሰዓት ቀቡ፣ ለማካካስ እጥፍ አትቀቡ።

ቋቁቻ ብቻ ለየት ይላል። ፈንገሱ ሞቶም የቆዳው ቀለም ለመመለስ ወራት ይወስዳል። ቅርፊቱ ከጠፋ መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል፣ ነጭ ነጩን እያያችሁ መቀባታችሁን አትቀጥሉ። ጀርባ ሙሉ ከሆነ ደግሞ በቅባት አይዘለቅም። ባለሙያ ጠይቃችሁ ባለ ኬቶኮናዞል ሻምፖ ተጠቀሙ፣ አረፋውን ሦስት እስከ አምስት ደቂቃ አቆይቶ መታጠብ ነው።

ልብሱ ካልተነካ ግን ድካሙ ከንቱ ነው። የውስጥ ልብስ፣ ካልሲና አንሶላ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ፀሐይ በድሬ በነጻ ነው። በርጫ ላይ ሽርጥ መዋዋስ ይቅር፣ የራስን ይዞ መሄድ ነውር የለውም። እግራችሁ ላይ ፈንገስ ካለ ከውስጥ ሱሪ በፊት ካልሲ አድርጉ። ሱሪው በባዶ እግር ሲያልፍ ፈንገሱን ወደ ጭን ይወስደዋል። ድመት ወይም ጥጃ ፀጉሩ ክብ ክብ እየሆነ ከረገፈም ምንጩ እሱ ሊሆን ስለሚችል ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት።

በትክክል ቀብታችሁ በሁለት ሳምንት ምንም ካልተሻላችሁ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ካስፈለገ እነሱ ወደ ሆስፒታል ይልኳችኋል። ስትሄዱ የተቀባችሁትን ቱቦ ሁሉ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጎረቤት የሰጣችሁንም ጭምር። መቼ እንደተቀባችሁም ንገሩ። ሐኪሙ ቅርፊቱን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ሊያየው ይፈልግ ይሆናል፣ በቅርብ የተቀባ መድኃኒት ካለ ደግሞ ፈንገሱ እያለም ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል።